ትል ነው አልኳችሁ እኮ!

ጓሮህ እንዴት ከረመ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነው። ጎመኑ ጉልበቴን አልፏል። ነጭ ሽንኩርቱን ውርጭ ገረፍ አደረገው እንጂ ይተርፋል። ዱባው አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ገብቶ እዚያው ወልዷል፤ ልጆቹ የማን ናቸው በሚለው ላይ ገና ሽማግሌ አልተቀመጠም። ትሎቼም ደህና ናቸው።

አዎ፣ ትሎቼ። ምነው ፊታችሁን አጨማደዳችሁ? ይኸው ነው እንግዲህ ዕድሜ ልኬን የሚያናድደኝ! ንብ አለኝ የሚል ሰው ይከበራል። በግ አረባለሁ የሚል ሰው ይመረቃል። ትል አረባለሁ ያልኩ ዕለት ግን ሰዉ ሁሉ ጠበል ካልወሰድንህ ይላል። ያውም እኮ እንደ ሌላው ከብት የሰው ማሳ አይገቡ፣ አይዋጉ፣ አይራገጡ፣ እረኛ አይፈልጉ። ሥራቸው አንድ ነው፤ እበትና ጥራጊ በልተው ጥቁር አፈር ያወጣሉ። ያንን አፈር አንድ እፍኝ ጎመን ሥር ጣል አድርጎ ያየ ሰው ሌላ ፍግ አያምረውም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ስረግጥ እውልና ማታ ቤቴ ስገባ ወገቤ አልቃና ይለኛል። ሌላው ሰው እንዲህ ሲደክመው ጠላ ቤት ጎራ ይላል፣ ወይም ገበጣ ይጫወታል። እኔ ጓሮ እገባለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ወገቤ ወገቤ እያልክ መልሰህ ታጎነብሳለህ?" ትለኛለች ባለቤቴ አትጠገብ። ለሰው ሱሪ ማጎንበስና ለራስ ጎመን ማጎንበስ አንድ ነው እንዴ?

የትሉን ነገር ማንም አላስተማረኝም። ጥራጊ የምንደፋበት ጥግ ላይ ሳልተክለው የበቀለ ጎመን ነበር። ተክዬ፣ ኮትኩቼ፣ አጠጥቼ ካሳደግሁት ሁሉ በልጦ ቅጠሉ ሰፌድ ያህላል። ተናደድኩ። ምን ቢያገኝ ነው ብዬ ሥሩን ብቆፍር መሬቱ በትል ይርመሰመሳል። በገል አፍሼ ወስጄ ከቤቱ ጀርባ ካለች ጉድጓድ ጨመርኳቸው። እበት፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ አቀርብላቸዋለሁ፤ አትጠገብ ጠላ ስትጠምቅ ደግሞ አተላ። አተላ ሲያገኙ ብታዩአቸው! ፀሐይ ስለማይወዱ በጆንያ እሸፍናቸውና ከላይ ሣር እጥልባቸዋለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ማታ ስመለስ ገለጥ አድርጌ አያቸዋለሁ። ሳያቸውም ትንሽ አጫውታቸዋለሁ። ምን ነውር አለው? ሞቼ ሳይበሉኝ በቁሜ ብንተዋወቅ ይሻላል ብዬ ነው።

አትጠገብ አትጠጋቸውም ነበር። "እኔ ፊት ስማቸውን አትጥራ" ትላለች። ግን ድፋቸው ብላኝ አታውቅም፤ ይኸን ደግሞ ለኔ ካላት ፍቅር ቆጥሬው ደስ ይለኝ ነበር።

ይኸ ሁሉ በሰላም ሲሄድ ጣልያን መጣ። ደብረ ማርቆስ እንደ ገባ መሣሪያ አስረክቡ ብሎ አዋጅ አስነገረ። ሰዉም አስረከበ፤ የዛገውን፣ ሰደፉ የወለቀውን፣ ቃታው የጠፋውን። ደህና ደህናው መሬት ገባ። አንዱ ከምድጃው ሥር፣ አንዱ ከበሬው በረት፣ አንዱ ከባቄላው መደብ ቀበረ። ሁሉም ቀብሯል፣ ሁሉም ምንም የለኝም ይላል፣ ሁሉም የጎረቤቱን ያውቃል። በዚያ ሁሉ ጉድጓድ መሀል ጠመንጃ የሌለበት ጉድጓድ ያለኝ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሰው ተመርጦ ማን ተጠረጠረ? እናንተው ፍረዱኝ!

የአጥር ጎረቤታችን ወይዘሮ ስመኝ መጥፎ ሴት አይደለችም። ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርስ፣ ለቅሶ ቤት ውሃ የምትቀዳ ናት። ዓይኗ ብቻ ነው ከአጥሩ ቀዳዳ አልነቀል ያለው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከጉድጓዷ አፍ ተንበርክኬ "አይዟችሁ፣ ይኼ ብርድ ያልፋል፣ የናንተም ቀን ይመጣል" ስላቸው ሰማችኝ። በማግስቱ ምንጭ ወርዳ፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብላ አስምላ ለአንዲት ሴት በጆሮዋ ነገረቻት። ሴትዮዋ መሐላዋን እንዴት እንደጠበቀችው አላውቅም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው ሁሉ ሰማ። እኔ ጠመንጃ ቀብሬ፣ ማታ ማታ ዘይት እየቀባሁ፣ ከላዩም ጸሎት እየደገምኩ ነው ተባለ።

እኔ ይኸን አላወቅሁም። ያወቅሁት ድንገት መከበሬን ነው። ትናንት "ሱሪዬን መቼ ነው የምትጨርሰው፣ ራቁቴን ልሂድ?" እያለ የሚጮህብኝ ሁሉ "ግድ የለም ጌታዬ፣ ሲመችህ" ማለት ጀመረ። ገበያ ስገባ መንገድ ይለቀቅልኛል። ጠላ ቤት ባልፍ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ሞኝ አይደለሁምና ስፌቴ ተወዶ ነው ብዬ ዋጋ ልጨምር አስቤ ነበር።

ነገሩን የገለጡልኝ አያ ጓሉ ናቸው። አያ ጓሉ በቅሎ ነጋዴ ናቸው፤ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት አለቃችን፣ እሳቸው ናቸው። የማኅበራችን ጽዋ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ተረኛው ጽዋውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ በወሩ ማኅበርተኛው ከቤቱ ተሰብስቦ ይጠጣል፣ ይበላል፣ ይመርቃል። የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ተራው ደርሶኝ ጽዋው ወደ ኔ መጣ፤ የኅዳርን ትልቁን ሚካኤል እኔ ልደግስ ነው። አያ ጓሉ ጽዋውን ሲያስረክቡኝ ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ምንም አትንገረኝ" አሉኝ።

"ምኑን አያ ጓሉ?"

"ያንን፣ የጓሮውን።"

"ትሉን ነው?"

ግራ ቀኝ አዩና ትከሻዬን ጨበጡኝ። "ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ። ማንም ቢጠይቅህ ትል ነው በለው።"

"ትል እኮ ነው!"

"እኔስ ምን አልኩ? ትል ነው" ብለው ዓይናቸውን ጠቀሱኝ።

ደሜ ፈላ። ቤቴ ድረስ ወስጄ ላሳይዎት አልኩ፣ አይሆንም አሉ። እኔ ባላይ ይሻላል፣ ቢይዙኝ ምን እንደምናገር አላውቅም አሉ። በሚካኤል ስም ማልኩላቸው። መሐላዬን በሰሙ ቁጥር በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንግዲህ እኛ አገር ሰው ነገር ሲናገር ከጀርባው ሌላ ነገር መፈለግ የለመደ ሕዝብ ነው፤ እውነቱን ፊት ለፊት የተናገረ ሰው መከራውን ያያል።

ወሬ ደግሞ ዘበኛ አይጠብቀውምና ካምፑ ደረሰ። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ የጣልያን ካፒታን፣ አስካሪ የሚላቸውን ጥቁር ወታደሮቹን በአካፋና በዶማ አስታጥቆ፣ አስተርጓሚውን አስከትሎ ግቢዬ ገባ። አትጠገብ እጇ ላይ የነበረውን ወንፊት ጣለች።

"ጠመንጃውን አውጣ ይልሃል" አለኝ አስተርጓሚው።

"ጠመንጃ የለኝም በለው።"

"ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ይልሃል።"

"ትል።"

አስተርጓሚው ወደ ካፒታኑ ሰረቅ አድርጎ አየ። "ይኸንን አልተረጉምም" አለኝ።

"ለምን?"

"ሁለታችንንም ያስገርፈናል።"

"ትል ነው! ትል! ምን ልበል ታዲያ? የሌለኝን መድፍ ልበል?" እያልኩ ስጮህ ካፒታኑ አስተርጓሚውን ቆጣው፤ ያም እየተርበተበተ ነገረው። ካፒታኑ አየኝ። እኔም አየሁት። እንዲያ ተናድጄ ስለማላውቅ ይመስለኛል ፍርሃቱን ረሳሁት።

መቆፈር ጀመሩ። ጆንያዬን ገልጠው ወረወሩት። አካፋ ሲያስገቡ፣ ትሎቼ ለሁለት ለሦስት እየተቆረጡ ሲወጡ አንጀቴ ተቆረጠ። "ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ፣ ነፍስ ያለው ነገር እኮ ነው!" እላለሁ። ዘወር ብል አትጠገብ ግድግዳ ተደግፋ፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ለካ በልቧ ትወዳቸው ኖሯል፣ በአፏ ብቻ ነው የምትጠላቸው ብዬ አሳዘነችኝ። አጥሩ ላይ ደግሞ ቀዳዳው ሁሉ ዓይን ሆኗል።

በመሀሉ ካፒታኑ "አቁሙ" ብሎ ጮኸ። ከጉድጓዱ አፍ ተንበረከከ። ከጥቁሩ አፈር ዘገነ፣ አሸተተ፣ አንዷን ትል መዳፉ ላይ አድርጎ በጣቱ ዳበሳት። ከዚያ በጣልያንኛው ያዥጎደጉደው ጀመር። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ምን ሆነ?" አልኩት አስተርጓሚውን።

"አባቱ ይላል።"

"አባቱ ምን ሆኑ?"

"አባቱም ትል ነበራቸው ይላል።"

እንግዲህ በዚያ ከተማ ትል ነው ስል ያመነኝ አንድ ሰው ተገኘ፤ እሱም ጣልያን! ብድግ ብሎ አቀፈኝ። በአፈር እጁ አንገቴን ይዞ ጉንጬን ከዚህም ከዚያም ሳመኝ። ያ ሁሉ የአጥር ዓይን እያየ! ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ስሞኝ ሲያበቃ አስካሪዎቹን አዘዛቸውና ጥቁሩን አፈር ከነትሎቼ በጆንያ ይሞሉት ጀመር። ካምፑ ውስጥ ቲማቲም ተክሎ አልቀላ ብሎት ኖሯል። ቀዩ አፈር ላይ ሲደርሱ በቃ አሉና፣ ጆንያዎቹን በበቅሎ ጭነው ሄዱ። የኔንም ጆንያ ጨምረው! አገሬን መውሰዱ ሳያንሰው ትሌን! የቀሩትን ቁርጥራጮች ከሣሩ መሀል ለቅሜ በገል አስቀመጥኩ።

ከዚህ በላይ የሚያናድድ ነገር አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ። ወይዘሮ ስመኝ በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ ጆንያው ውስጥ ረዥም ረዥም ነገር አይታለች። ረዥም ነገር! ሰውዬው እንደሳመኝም አይታለች። ምንጭ ወርዳ ሁለቱን አገናኘቻቸው። በማግስቱ እኔ ጠመንጃውን ሁሉ፣ ከራሴም አልፎ ሰው አደራ ያስቀመጠብኝን ጭምር፣ ፍግ ውስጥ ሸፍኜ ለጣልያን ያስረከብኩ ባንዳ ሆንኩ። ያልነበረኝን ጠመንጃ ደበቅህ ተብዬ ተከበርኩ፤ ያልነበረኝን ጠመንጃ ሰጠህ ተብዬ ተዋረድኩ። በሁለቱም ጊዜ የጠየቀኝ ሰው የለም!

ስፌት የሚያመጣልኝ ጠፋ። የሰጠኝም እየመጣ ሳይሰፋ ወሰደ፣ አንዱማ ግማሽ ሱሪ ወሰደ። ሰላም ስል ሰው ወደ ሰማይ ያያል። ይኸስ ይሁን። የከፋው ወሬው ጫካ መድረሱ ነው። የአትጠገብ ወንድም ቸኮለ ከአርበኞች ጋር ወደ ጮቄ በኩል ዱር ከገባ ቆይቷል። አርበኛ ባንዳን ምን እንደሚያደርገው ማንም ያውቃል። እህቱን ያገባ ባንዳ ሲሆን ደግሞ አስቡት።

ከዚያ አያ ጓሉ መልእክተኛ ላኩ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው የሚመጣው ሊጠጣ አይደለም፣ ጽዋውን ሊወስድ ነው አሉ። ይኸ ማለት ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጽዋ ከቤቱ የተወሰደበት ሰው ቢታመም ማንም አይጠይቀው፣ ቢሞት ሬሳውን የሚሸከም የለው። ልብስ ሰፊ ነኝና የራሴን ከፈን መስፋት አያቅተኝም፤ ራሴን ተሸክሜ ግን ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ድረስ እንዴት እሄዳለሁ?

"ዝም ብለህ ታገሥ" አለችኝ አትጠገብ።

"እንዴት ነው የምታገሠው? ስሜን በሉት እኮ!"

"አንዳንድ ጊዜ ዝም ማለት ነው የሚሻለው።"

ዝም ማለት ቢሆንልኝ ኖሮ ለትል አላወራም ነበር። እሑድ ዕለት የቀሩኝን ትሎች በገሉ ይዤ ከቅዳሴ መውጫ ላይ ቆምኩ። ሰው ሲወጣ "ይኸውላችሁ! በዓይናችሁ እዩት! ይኸ ጠመንጃ ነው?" እያልኩ ከአፍንጫቸው ሥር አቀርብላቸዋለሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሸሹ። አያ ጓሉ ደረሱ፣ ገሉን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ባንዳነቱ ሳያንስ ትል ይዘህ ቤተ ክርስቲያን መጣህ?" አሉኝ።

"ትል መሆኑን አመኑልኝ ታዲያ?"

"ይኸንን ዛሬ ነው ለቅመህ ያመጣኸው" ብለው ሄዱ።

ሌላ ዘዴ አወጣሁ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ጣልያኑ ስለሳመኝ አይደል? ስለዚህ በአደባባይ ቢመታኝ ይስተካከላል አልኩ። ካምፑ ሄድኩ። ካፒታኑ ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ መጣ፣ እኔም እጄን ኪሴ ከተትኩ።

"ምን ልበልልህ?" አለኝ አስተርጓሚው።

"በገበያ ቀን፣ ገበያ መሀል፣ አንድ ጊዜ በጥፊ ይምታኝ በለው። ጠንከር ያለ፣ ሩቅ የቆመ ሰው የሚሰማው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?"

"ጤነኛ ነኝ፣ አንተ ብቻ ንገርልኝ!"

ነገረው። ካፒታኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እንዳንተ ያለ ቀልደኛ ሰው አይቼ አላውቅም ይልሃል" አለኝ አስተርጓሚው። ክንዴን ይዞ ወደ አትክልቱ ወሰደኝ። ያየሁትን ሳይ ጥፊውን ረሳሁት። ትሎቼን ከአንድ ጥግ ከምረው፣ ከላያቸው ገና የሚተን የበቅሎ ፋንድያ ጭነውባቸዋል! ትኩስ ፋንድያ እኮ እሳት ነው። ጥብስ ሊያደርጋቸው ነው።

"ማነው ይኸን ያደረገ?" ብዬ ጮህኩ። "አንሱት! አሁን አንሱት! አንተ፣ ውሃ አምጣ! አንተ ደግሞ ሣር! በጆንያ ይሸፈን! አባቱ ይኸንን አላስተማሩትም እንዴ?" አስካሪዎቹ ካፒታኑን አዩት፤ ራሱን ሲነቀንቅላቸው ወዲያ ወዲህ ሮጡ። ልብ በሉ፣ ጣልያኑን ልረዳው አልነበረም። ትሎቹ ምን በደሉ? እነሱ ምርኮኛ እንጂ ባንዳ አይደሉም።

ዞር ስል በካምፑ አጥር በኩል እንጨት ሻጮች ቆመው ያዩኛል። ማታ ላይ እኔ ለጣልያን ጠመንጃ ማስረከቤ አልበቃ ብሎ አስካሪ የማዝ ሹም ሆኜ ነበር።

የሚካኤል ዋዜማ ደግሞ፣ አትጠገብ ጠላውን ስታጠል፣ አንድ አስካሪ በጠራራ ፀሐይ ቅርጫት በራሱ ተሸክሞ፣ በገበያው መሀል ቤቴን እየጠየቀ መጣ። ቅርጫቱ ቀይ ቲማቲም ሞልቶታል። ከላዩ አበባ ጣል ተደርጎበታል። ጥፊ ለምኜ ቲማቲም ተላከልኝ! ውሰደው ብዬ ጮህኩበት፤ አስካሪው ትእዛዝ ነው ብሎ ደጃፌ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ወይዘሮ ስመኝ ከአጥሩ ባሻገር "በስመ አብ!" ስትል ሰማኋት።

በነጋው ቤቱን ጎዘጎዝን። ዳቦው ሊቆረስ ነው፣ ጠላው ጠርቷል፣ ወጡ ወጥቷል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በመደቡ ላይ ተቀምጧል። ሰው የሚመጣበት ሰዓት አለፈ። አትጠገብ ለመቶ የሚበቃ ምግብ መሀል ብቻዋን ተቀምጣ እጇን ታሻሻለች። እኔ ደጅ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ጠጥቻለሁ፤ የስንቱን አባት ቀብሬያለሁ፤ የስንቱን ልጅ የክርስትና ልብስ ሰፍቻለሁ! ይኼው ቤቴ ባዶ ነው። ያን ዕለት ንዴቴ መሀል ዓይኔን ጠረግሁ፤ አለቀስኩ አልላችሁም፣ ጭሱ ነው አልኩ፤ ጭስ ግን አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሰብስበው መጡ። ከደጅ ቆሙ። ኮቴ አንድ እንኳ ወደ ውስጥ አልገባም። አያ ጓሉ ብቻ ደፉን ተሻገሩ፣ ኮፍያቸውን ግን አላወለቁም።

"ጽዋውን አውጣልን።"

"አያ ጓሉ፣ በሚካኤል ስም..."

"ስሙን አትጥራ!"

"እጠራለሁ! ምን አድርጌ ነው የማልጠራው? አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ጓሮህ ይዘኸን ግባና እስኪ እንይ ያለኝ አለ? ደበቀ ሲሏችሁ አመናችሁ፣ ሰጠ ሲሏችሁ አመናችሁ፤ እኔ ስናገር ግን ጆሯችሁ ይደፈናል! ትል ነው አልኳችሁ! ውሰዱት ጽዋውን፣ ውሰዱት!"

አያ ጓሉ ወደ መደቡ ተራመዱ። ያን ጊዜ አትጠገብ ተነሥታ ከፊታቸው ቆመች።

"አያ ጓሉ፣ ጽዋውን ከማንሣትዎ በፊት ጓሮ አንዴ ይምጡልኝ።"

"ምን አለ ጓሮ?"

"ይምጡልኝ ብቻ። እግርዎን ልሳም።"

ሄዱ። እኔም ተከተልኩ፣ እያጉረመረምኩ። እኔ ስምል ያላመነ ሰው ባዶ ጉድጓድ አይቶ ሊያምን ነው? አትጠገብ ቀሚሷን ሰብስባ ዘላ ጉድጓዷ ውስጥ ገባች። ቀዩን አፈር በእጇ ጫር ጫር አድርጋ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሣች። ከሥሩ በሞራ በታሸ ቁርበት የተጠቀለለ ረዥም ነገር አወጣች። ጫፉን ስትገልጠው አፈሙዙ ብልጭ አለ።

"የአባቴ ውጅግራ ነው" አለች። "ይኼ ትል በትል የሆነ ቦታ እጁን የሚከት የለም ብዬ ነው። ቸኮለ የሚያስመጣበት መንገድ ጠፍቶት እየጠበቅሁ ነበር። እንግዲህ የኔ ባል ለጣልያን ያስረከበው ጠመንጃ ይኸ ከሆነ ይዩት።"

እኔ አፌ ተከፍቶ ቀረ። አያ ጓሉ ጠመንጃውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ኮፍያቸውን አወለቁ። እኒያ በቅሎ ሲረግጣቸው እንኳ የማያለቅሱ ሽማግሌ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

"አንተ!" አሉኝ። "ጣልያን ጓሮህን ሲቆፍር ፍንክች ያላልክ! እኛ ባንዳ ስንልህ ምስጢሩን ውጠህ የተዋረድክ! ትል ይዘህ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥተህ! በሚካኤል ስም እስክትምል ድረስ!"

"ኧረ አያ ጓሉ፣ እኔ የማውቀው..." ስል አትጠገብ በተረከዟ የእግሬን ጣት ደፈጠጠችው።

ወደ ቤት ተመለስን። አያ ጓሉ ደጅ ለቆሙት "ግቡ፣ ተቀመጡ። የዚህን ቤት ጽዋ ያልጠጣ ከማኅበሬ የለበትም" አሉ። ገቡ። ጽዋው ተገለጠ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ተጠጣ። ሹክሹክታው ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ሲዞር ሰው በየተራ እየተነሣ ጉልበቴን ይስማል። "ትል ነው ትል ነው እያልክ ሁላችንን አሞኘኸን!" ይሉኛል።

"ትል ነበር እኮ!" እላለሁ።

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ቲማቲሙን እንኳ ሳይቀር የጠላት ምርኮ ነው ብለው በጨው በሉት። ሲጨልም አያ ጓሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እንደ ወትሮው ሳይጎብጡ፣ ቀጥ ብለው ወጡ፤ ቁርበቱም አብሮ ወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቸኮለ እጅ እንደደረሰ ሰማን።

እኔ ግን ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አትጠገብ ላይ ዞርኩ። "ባልሽ ነኝ! ከላዩ ላይ ዕለት ዕለት ስንበረከክ እያየሽ! በመልአክ ስም በሐሰት አስምለሽኝ! ንስሐ አባቴ ስንት ስግደት እንደሚያዙብኝ ታውቂያለሽ? ለኔ እንዴት አትነግሪኝም?"

ጽዋውን እያጠበች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"ብነግርህ፣ ያ ሰውዬ ዓይን ዓይንህን ሲያይህ ምን ልትሆን ነበር? አንተ እኮ ያፈርክ ዕለት ጆሮህ ይቀላል፣ የፈራህ ዕለት አፍህ ይተሳሰራል። ያን ቀን ግን ከልብህ ተናደድክ። አፈሩን ሲዝቁ፣ ወደ ድንጋዩ ሲቀርቡ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ምን ስል እንደነበር ታውቃለህ?"

"ምን ስትይ ነበር?"

"ሚካኤል ሆይ፣ ይኸን ሰው እንደተናደደ አቆይልኝ ስል ነበር።"

ይኸው እስከ ዛሬ አቆይቶኛል።